«ባህላዊ መልክዓ ምድር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮንሶ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው «ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ «ተራራና እርሻ እንዴት ባህል ይሆናል?» ይላል። እውነትም ቃሉ ግራ ያጋባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮንሶን ተዳፋት የሠራው ተፈጥሮ ነው፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ ደርድሮ አፈሩ በጎርፍ እንዳይሄድ፣ ዝናቡም እንዲሰርግ ያደረገው ግን ሰው ነው፣ ያውም ከ20 ትውልድ በላይ እየተቀባበለ። ሁለቱን መነጠል አይቻልም። አጥር አጥሮ ገበሬውን ማስወጣትም እዚህ አይሠራም፤ እሱ ከሄደ እርከኑን ማን ይጠግነዋል?

ዩኔስኮ ይህን ዓይነት ቦታ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ኮንሶ በ2011፣ ጌዴኦ በ2023 ገቡ። ጌዴኦ ላይ ትልልቁ ዛፍ ከላይ፣ እንሰቱ ከመሃል፣ ቡናው ከሥር ነው (ጫካ ነው ጓሮ? እኔ እንጃ)።

ከ«ቅይጥ ቅርስ» ጋር ግን አታምታቱት። ቅይጥ ለመባል በባህልም በተፈጥሮም መስፈርት ማለፍ ያስፈልጋል፤ ኮንሶና ጌዴኦ የተመዘገቡት በባህሉ ብቻ ነው። ሁለቱንም የሆነ አለ፦ የኒውዚላንዱ ቶንጋሪሮ ብሔራዊ ፓርክ። በ1990 በተፈጥሮው ገባ፣ በ1993 ደግሞ ተራሮቹ ለማኦሪዎች (ለአገሩ ነባር ሕዝብ) ቅዱስ ስለሆኑ ባህሉ ተጨመረለት።