ንቁ ህልም ምንድን ነው? ጉዳትስ አለው?

በህልማችሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረዳችሁ ነው። ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ መንገዱን ለቆ በአየር ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ረዳቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሂሳብ ይሰበስባል። አብዛኛውን ጊዜ እኛም ምንም አይመስለንም። አንዳንዴ ግን ሰው እዚያው እንቅልፉ ውስጥ ሆኖ «ቆይ፣ መኪና እንዴት ይበራል? ይሄማ ህልም ነው» ይላል። አልነቃም፤ ህልም እያየ መሆኑን ግን አውቋል። ንቁ ህልም ወይም ሉሲድ ድሪም የሚባለው ይሄ ነው።

አንዳንዱ ይህን ካወቀ በኋላ ታሪኩን ራሱ ይመራዋል፤ ሚኒባሱን ወደ ሐይቅ ያዞረዋል። ሌላው ዝም ብሎ ያያል። ዋናው ነገር ማወቁ ነው። መምራቱ ሁልጊዜ አብሮ አይመጣም።

ነገሩ የመንፈስ ሥራ የሚመስለው ሰው አለ። በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ነገር ስለሆነ ግን መፍራት አያስፈልግም። ሕያው የሆነውን ህልም በብዛት የምናየው ሬም በሚባለው የእንቅልፍ ደረጃ ላይ ነው። ያኔ ዓይናችን ከቆቡ ሥር በፍጥነት ይንቀሳቀሳል። የቀረውን ሰውነታችንን አንጎል ያስረዋል፤ ባያስረው ኖሮ በህልም ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሐል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኪት ሄርን ዓይን አለመታሰሩን ተጠቀመበት። አለን ዎርስሊ ከሚባል ንቁ ህልም አዘውትሮ ከሚያይ ሰው ጋር ተስማማ፤ ህልም ላይ መሆኑን ሲያውቅ ዓይኑን ግራና ቀኝ ደጋግሞ እንዲያዞር። ዎርስሊ ተኛ። መሣሪያው እንቅልፍ ላይ መሆኑን እያሳየ፣ የተስማሙበትን ምልክት በዓይኑ ሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካ ስታንፎርድ ውስጥ ስቲቨን ላበርጅ ለብቻው ያንኑ አረጋገጠ።

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ህልም ላይ ያሉ ሰዎችን ጥያቄ ጠየቁ። «8 ሲቀነስ 6 ስንት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሳይነቃ ዓይኑን ሁለት ጊዜ አዙሮ መለሰ። እኔ ይሄን ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ብርቅ ተሰጥኦም አይደለም። የ50 ዓመት ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ትንታኔ እንዳገኘው፣ ከ100 ሰው 55ቱ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ንቁ ህልም አይቷል።

ጥቅሙስ? ደስታው አለ፤ መብረሩ፣ የናፈቁትን ማየቱ። በህልም የተለማመዱት ነገር በእውን እንደሚያግዝም ፍንጭ አለ፤ በአንድ ሙከራ ሳንቲም ወደ ስኒ መወርወርን በንቁ ህልም የተለማመዱ ሰዎች ጠዋት ላይ ተሻሽለው ተገኝተዋል። ለእኛ አካባቢ ግን ትልቁ ነገር ቅዠት ላይ ያለው ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ነበር። ተኩሱ ቆሟል። ሌሊት ሌሊት ግን ያልቆመለት ሰው አለ። ያንኑ ነገር እየደጋገመ ያያል፣ መተኛት ይፈራል። ጠዋት ሲናገር «ኸይር ያድርገው»፣ «ህልም እልም» እንለዋለን። አባባሉ ከልብ ነው፣ ያጽናናልም። ቅዠቱ ግን ማታ ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ንቁ ህልም ሊረዳ ይችላል። እየተባረረ ያለ ሰው ህልም መሆኑን ካወቀ መሮጡን ሊያቆም፣ ዞር ብሎ ሊቆም፣ መጨረሻውን ሊቀይረው ይችላል። ሐኪሞች በቅድሚያ የሚመክሩት ግን ከዚህ የቀለለውን ነው። ቅዠቱን በቀን ይጽፉታል፤ መጨረሻውን እንደፈለጉ ይለውጡታል፤ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በሐሳባቸው ያዩታል። ኔዘርላንድ ውስጥ በተደረገ አንድ ትንሽ ጥናት ሰዎች ይህንንና ንቁ ህልምን አብረው ተለማመዱ። ቅዠታቸው ቀነሰ፤ ለመቀነሱ ደግሞ የግድ ንቁ ህልም ማየት አላስፈለገም። ስለዚህ ያልተሳካላችሁ አብሽሩ፤ ልምምዱ ብቻውንም ዋጋ አለው።

መሞከር ለሚፈልግ ሰው ጥሩው ሰዓት ወደ ንጋት ነው። ሬም ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ይረዝማል። ለሱብሂ ሶላት ወይም ለኪዳን የሚነሳ ሰው ተመልሶ ጋደም ሲል የሚያየው ህልም ደማቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያኔ ከመተኛታችሁ በፊት የመጨረሻ ህልማችሁን አስታውሱና «አሁን ህልም ሳይ፣ ህልም መሆኑን አውቃለሁ» እያላችሁ አስቡ። ላበርጅ ያዳበረው ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ጠዋት የታየውን መጻፍም ያግዛል።

ጉዳቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራውና በእውነት የሚያሰጋው የተለያዩ ናቸው። «ህልሙ ውስጥ ተይዤ ብቀርስ?» የሚል ጥያቄ አለ። አይቀሩም፤ የሬም ደረጃ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ዱካክም ሊያጋጥም ይችላል፤ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና እንደታሰረ ሲቆይ ማለት ነው። በጣም ያስፈራል፣ ደረት የተጫነ ይመስላል። ሆኖም አተነፋፈስ አይቆምም፤ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

የሚያሰጋው እንቅልፍ ማጣት ነው። ህልም ፍለጋ ሌሊቱን በማንቂያ ደወል የሚቆራርጥ ሰው ቀኑን ይከፍልበታል። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ጫት፣ ማታ ቡና ከተጨመረ ምን እንቅልፍ ይቀራል? ቀን ቀን ድካም ከተሰማችሁ ሙከራውን ተዉት። ንቁ ህልም ያመጣል እየተባለ የሚወራለት ጋላንታሚን ደግሞ የመርሳት በሽታ መድኃኒት ነው። ልብን ሊያዘገይና ሊያቅለሸልሽ ስለሚችል ያለ ሐኪም አይነካም።

ድምፅ የሚሰማው፣ ሌላው የማያየውን የሚያይ፣ ወይም እውኑንና ህልሙን መለየት የሚያስቸግረው ሰው ይህን ልምምድ ባይጀምር ይሻላል። የጦርነቱ ቅዠት በየሳምንቱ የሚመላለስበትም ሰው ለብቻው ከሚታገል ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂድ። ሲሄድ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚቃዥ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነቃና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።