«የምግብ ዋስትና ማጣት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ለራስ ምታት ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የሄደ ተማሪ ስለ ምግቡ ሲጠየቅ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ «የምግብ ዋስትና ማጣት» የሚለው ቃል ለብዙዎች ጦም ማደር ብቻ ይመስላልና። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ ግን የምግብ ዋስትና አለ የሚባለው ሰዎች ሁሉ በማንኛውም ጊዜ በቂ፣ ለጤና የማያሰጋና ገንቢ ምግብ ለማግኘት አቅርቦቱም የመግዛት አቅሙም ሲኖራቸው ነው ስላለ፣ ዛሬ ጠግቦ የበላ፣ ነገር ግን ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ እንዳያልቅበት የሚሰጋ ተማሪም በቃሉ ውስጥ ይገባል።

ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት መጠይቅ ሁለት ነጥቦች ብቻ አሉት፦ ባለፉት 12 ወራት መግዣ ሳያገኙ ምግብ ያልቅብኛል ብለው ሰግተው እንደሆነና የገዙት ምግብ ሳይበቃ ቀርቶ ተጨማሪ መግዣ አጥተው እንደሆነ። ለአንዱ እንኳ «አንዳንድ ጊዜ» ወይም «ብዙ ጊዜ» ብሎ የመለሰ ሰው ለችግሩ እንደተጋለጠ ይቆጠራል። ይህ የበሽታ ስም አይደለም፤ የውይይት መነሻ ነው። የሰውነት ክብደትም ችግሩ መኖር አለመኖሩን አያመለክትም፤ ርካሽና ኃይል ሰጪ፣ ግን ንጥረ ነገሩ አነስተኛ የሆነ ምግብ የሚያዘወትር ሰው ሊወፍር ይችላልና።

ጥያቄው ለሕክምናውም አስፈላጊ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ከዘለለ ስኳሩ አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ስለሚችል፣ ሐኪሙ «ከምግብ ጋር ውሰድ» ከማለቱ በፊት ምግቡ መኖሩን ማወቅ አለበት። ቀጥሎ ተማሪው፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ወደ ግቢው የምግብ ድጋፍ ወይም ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይላካል።