ስለ ኢቢቪ፣ የደም ካንሰርና ንቅለ ተከላ የሚወራውና እውነታው

ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ አለ፤ በአጭሩ ኢቢቪ። ከ10 አዋቂዎች 9ኙ ተሸክመውታል። እኔም እናንተም ጋ ሳይኖር አይቀርም። ስለዚህ «ካንሰር ያመጣል» የሚል ወሬ ሲሰማ ብዙ ሰው ይደነግጣል።

«ሄርፒስ ከሆነ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የመጣ ነው»

ኢቢቪ ከሄርፒስ ቫይረሶች ቤተሰብ መሆኑ እውነት ነው፤ ቤተሰቡ ግን ሰፊ ነው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ኢቢቪ በዋናነት የሚተላለፈው በምራቅ ነው። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ሳይታወቀው ይይዘዋል። በወጣትነት የያዘው ግን ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የንፍፊት እብጠት ለሳምንታት ሊያንገላታው ይችላል።

«ቫይረሱ ካለብህ ካንሰሩ አይቀርልህም»

ይህን ለማየት ወደ 1964 (እ.ኤ.አ.) መመለስ ይሻላል። አንቶኒ ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር የተባሉ ተመራማሪዎች ቫይረሱን ያገኙት ከኡጋንዳ ለንደን ድረስ በተላከ የዕጢ ናሙና ውስጥ ነበር። ዕጢው ቀዶ ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት በልጆች መንጋጋ ላይ ያስተዋለው የሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴል የሚነሳ ካንሰር) ዓይነት ነው። ከሰው ካንሰር ጋር የተያያዘ የመጀመሪያው ቫይረስ ይኸው ሆነ።

ግን አንድ ጥያቄ አለ። ቫይረሱ ዓለምን ካዳረሰ፣ በርኪት ሊምፎማ ለምን በብዛት ወባ በበረታበት አካባቢ ታየ? ቫይረሱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ኢቢቪ የሚደበቀው ቢ ሴል በሚባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ነው። እዚያ ሆኖ ሴሉን ያራባል፤ እንዳይሞትም ያግዘዋል። ተደጋጋሚ ወባ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ያዛባል። በዚህ ላይ ሴል እንዲራባ የሚያዘው ማይክ የተባለ ጂን ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ክሮሞዞም ላይ ሲለጠፍ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ላይ መገጣጠሙ ብርቅ ነው።

ሆጅኪን ከሚባለው ሌላ የሊምፎማ ዓይነትም የተወሰነው ክፍል ብቻ ነው ኢቢቪ የሚገኝበት። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ደግሞ አብዛኛው ከቫይረሱ ጋር አይገናኝም።

«ንቅለ ተከላ ሲደረግልኝ ቫይረሱን ሰጡኝ»

ከለጋሹ አካል ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ ሰውየው ውስጥ የተኛው ቫይረስ ነው የሚነቃው። ቫይረሱ ያለባቸው ለጋሾች ሁሉ ይቅሩ ቢባል ማን ሊተርፍ ነው?

ዋናው ጉዳይ ዘበኛው ነው። ጤነኛ ሰው ውስጥ ቲ ሴሎች የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ቫይረሱ ያለባቸውን ቢ ሴሎች እየለቀሙ ያጠፋሉ። ሰውነት አዲሱን አካል እንዳይገፋ የሚሰጠው መድኃኒት እነዚህን ቲ ሴሎች ያደክማል። ያኔ ቢ ሴሎቹ ያለ ከልካይ ተባዝተው ሊምፎማ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁሉ የሚያሰጋው ቫይረሱን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ቫይረሱ ካለበት ለጋሽ ሲቀበል ነው።

«በደም ምርመራ ከታየ ካንሰር ነው»

አይደለም። ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ቀድሞ መያዝን ብቻ ነው የሚናገረው። ፒሲአር በሚባለው የቫይረስ ዘረመል ምርመራ የሚለካው የቫይረስ መጠንም ቢሆን ሐኪሙ የሚያየው ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ መሆኑን ነው። ለማረጋገጥ ናሙና ከዕጢው ይወሰዳል።

«መድኃኒቱ ከሆነ ያደከመኝ፣ ልተወው»

ይህ አደገኛ ነው! በራስ ውሳኔ ማቋረጥ የተተከለውን አካል ሊያሳጣ ይችላል። የመድኃኒቱን መጠን መቀነስ በእርግጥ ከሊምፎማው የመጀመሪያ ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ ግን በሐኪም ክትትል።

«አሳይክሎቪር ይበቃዋል»

አሳይክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት የሚሠራው ቫይረሱ ራሱን በሚያባዛበት ሰዓት ነው። ዕጢው ውስጥ ያለው ኢቢቪ ግን በአብዛኛው አድፍጦ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ቢ ሴሎቹን ራሳቸውን የሚመታው ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ይሰጣል። ያ ካልሠራ፣ ከጤነኛ ለጋሽ ተወስደው ኢቢቪን እንዲለዩ የተዘጋጁ ቲ ሴሎች አሉ፤ አንዱ ታቤሌክሉሴል ይባላል፣ አውሮፓ ውስጥ በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተፈቅዷል። የደከመውን ዘበኛ በተውሶ ዘበኛ መተካት በሉት።