ከዕፅዋት የሚሠራ የጉበት ሴል ማሳደጊያ ሃይድሮጄል ምንድን ነው?

ጉበት የሚገርም አካል ነው። የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የቀድሞ መጠኑን ይይዛል። ያው የጉበት ሴል ግን ከሰውነት ወጥቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲቀመጥ፣ በጥቂት ቀናት ሥራውን ይረሳል። ይለጠጣል፣ ይሳሳል። አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን ማምረቱን ይቀንሳል። መድኃኒት የሚሰባብሩት ኢንዛይሞቹም ይደክማሉ። በሕይወት አለ፤ ጉበትነቱ ግን እየጠፋ ነው።

አንዱ ትልቅ ምክንያት የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሰውነት ውስጥ ይህ ሴል ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ጎረቤት አለው። የሚኖረውም ለስላሳና እርጥብ ቦታ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ደግሞ ከጤናማ ጉበት ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይጠነክራል።

ሃይድሮጄል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሃይድሮጄል ማለት ውሃ አቅፎ የሚይዝ በጣም ቀጭን መረብ ነው። ለአልትራሳውንድ ምርመራ ሆድ ላይ የሚቀባው ጄል እና ለስላሳው የዓይን ሌንስ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሴሎች መረቡ ውስጥ ሲገቡ እንደ ርብራብ ይደግፋቸዋል። ምግብና ኦክስጅን ደግሞ በውሃው በኩል ይደርሳቸዋል።

ለዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገለው ማትሪጄል የተባለው ጄል ነው። የሚወጣው ከአይጥ የካንሰር ዕጢ ነው። ሴሎች ይወዱታል፣ ችግሩ የዛሬው ምርትና የነገው አንድ አለመሆናቸው ነው። ከካንሰር የወጣ ነገር ይዞ ወደ ሰው ሕክምና መሄድም አይታሰብም።

ስለዚህ ፊት ወደ ዕፅዋት ዞረ። በ2012 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንጨት ሴሉሎስ በተሠራ ጄል ውስጥ የሰው ጉበት ሴሎችን አሳደጉ። እንጨቱ እስከ ናኖሜትር ቅጥነት ወዳለው ቃጫ ይፈለፈላል። ከጄሉ ውስጥ ቃጫው 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። በሲሪንጅ ሲገፉት እንደ ፈሳሽ ይወጣል፣ ሲያርፍ መልሶ ይረጋል። ሌላው አልጂኔት ነው፤ ከቡናማ የባሕር አልጌ ይወጣል። አልጌ በጥብቅ አነጋገር ተክል አይደለም፣ በዚህ ሥራ ግን አብሮ ይቆጠራል። ሴሎች የተቀላቀሉበትን አልጂኔት ካልሲየም ወዳለበት ውሃ ጠብ ሲያደርጉት፣ ጠብታው በሰከንዶች ውስጥ ረግቶ ክብ ዶቃ ይሆናል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ ሴሎች የዕፅዋትን ቃጫ የሚይዙበት እጅ የላቸውም። ይሄ ጉድለት ይመስላል። የጉበት ሴሎች ግን የሚይዙት ሲያጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ተሰባስበው ትንንሽ ድቡልቡል ኳሶች ይሆናሉ፤ በመካከላቸውም ሐሞት የሚያልፍባቸውን የመሰሉ ቀጫጭን ቦዮች ይከፍታሉ። ማንም ሳያዛቸው! መያዣ የግድ ካስፈለገም ጋላክቶስ የተባለ ስኳር ጄሉ ላይ ይለጠፋል፤ የጉበት ሴል ቆዳው ላይ ይህን ስኳር ለይቶ የሚይዝ ተቀባይ አለው።

ሴሎቹን መልሶ ማውጣትም ቀላል ነው። ሴሉሎስን የሚፈጭ ሴሉሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይጨመራል። መረቡ ይሟሟል። ሴሎቹ የተሠሩት ከሴሉሎስ ስላልሆነ ኳሶቹ ሳይፈርሱ ይቀራሉ።

ታዲያ ሙሉ ጉበት ለምን አይሠራም? የደም ሥር ስለሌለ ነው። ኦክስጅን በራሱ ሰርጎ የሚደርሰው 0.1 ወይም 0.2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ኳሱ ወፍሮ ኦክስጅኑ ውስጡ ካልደረሰ መሐሉ ይሞታል። ስለዚህ ለታማሚ የሚተከል ጉበት ገና ሩቅ ነው።

ዛሬ ዋነኛ ጥቅሙ መድኃኒት መፈተሽ ነው። ጉበት የሚጎዳ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ሰው ከወሰደው በኋላ ነው። አሁን ግን ተመራማሪው ኳሶቹ ላይ አዲሱን መድኃኒት ያንጠባጥባል፣ ለቀናት ይጠብቃል፣ አልቡሚኑን ይለካል። ከቀነሰ ጉዳቱን ያየው ሳህን ላይ እንጂ ሰው ላይ አይደለም።