የተሳቢ ኤሌክትሪክ ፍሬን መቆጣጠሪያ፦ በኤስዩቪ ላይ በራስ እጅ አገጣጠም

የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ወደ ተሳቢው ጎማዎች ኤሌክትሪክ እየመጠነ የሚልክ፣ ከክሩስኮቱ ስር የሚሰቀል መዳፍ የሚያክል ሳጥን ነው። በአሜሪካና በካናዳ በኤስዩቪና በፒክአፕ ከሚጎተቱ መካከለኛ ተሳቢዎች ብዙዎቹ የካምፕ ቤት፣ የዕቃ ሳጥን ወይም የምግብና የቡና መሸጫ ሲሆኑ፣ የሚይዙትም በዚህ መንገድ ነው። የጅቡቲን መስመር ለሚያውቅ ሰው «የተሳቢ ፍሬን» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የአየር ፍሬን ነው። እዚህ ግን በመኪናውና በተሳቢው መካከል አየርም ዘይትም አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በአንድ ሰማያዊ ሽቦ የሚሄድ እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላልና የቆየ ነው። በ1927 የተመሠረተው ዋርነር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካስፋፋው ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። በየጎማው ታምቡር ውስጥ ከሁለቱ የፍሬን ሸራዎች ሌላ፣ በአንድ ክንድ ጫፍ ላይ የተሰካ ኤሌክትሮማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በሚሽከረከረው የታምቡሩ የውስጥ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ታምቡሩ ይዞት ሲሄድ ክንዱ ይዞራል፤ ክንዱ ደግሞ ሸራዎቹን ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ሸራውን የሚያጣብቀው ጉልበት ከራሱ ከጎማው ሽክርክሪት የሚመጣ ነው። የቆመ ተሳቢ ላይ የማግኔቱን ድምፅ መስማት ይቻላል እንጂ የፍሬኑን አቅም መለካት አይቻልም።

በ10 እና በ12 ኢንች ታምቡሮች ውስጥ ያለ አንድ ማግኔት ሙሉ ኃይል ሲያገኝ 3 አምፔር ገደማ ይስባል። አንድ አክስል ሁለት ፍሬን ስላለው 6 አምፔር፣ ሁለት አክስል 12፣ ሦስት አክስል 18 ይሆናል። ይህን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል፤ የሽቦው ውፍረት፣ የብሬከሩ መጠንና በኋላ የሚደረገው የብልሽት ፍለጋ ሁሉ ከእሱ ይነሣል።

መቼ ያስፈልጋል?

ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በብዙዎቹ ስቴቶች ጠቅላላ ክብደቱ ከ3,000 ፓውንድ (1,360 ኪሎ ግራም) የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ዝቅ ያለ ወሰን ያላቸውም አሉ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከሕጉ የጠበቀ ከሆነ መከተል ያለበት መመሪያው ነው። ቪ6 ሞተር ያላቸው እንደ ሆንዳ ፓይለትና ቶዮታ ሃይላንደር ያሉ ኤስዩቪዎች በአራቱም ጎማ የሚነዱ ሲሆኑ እስከ 5,000 ፓውንድ ይጎትታሉ፤ ይህን ያህል ክብደት ግን በመኪናው ፍሬን ብቻ ቁልቁለት ላይ ማቆም የሚታሰብ አይደለም።

ሁሉም ፍሬን ያለው ተሳቢ መቆጣጠሪያ አይፈልግም። ዩሆል ከተባለው የአሜሪካ አከራይ ኩባንያ የሚከራየው የመኪና ማመላለሻ ተሳቢ የሚይዘው ጋንቾው ላይ በሚፈጠረው ግፊት ነው፤ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ግፊቱም የራሱን የፍሬን ዘይት ይጫናል። አውሮፓ ውስጥም ቀላል ተሳቢዎች በተመሳሳይ የግፊት ፍሬን ስለሚሠሩ ይህ ሳጥን እዚያ ብዙም አይታወቅም። በአውስትራሊያ ግን የተለመደ ነው።

ምርጫ

ሁለት ዓይነት መቆጣጠሪያ አለ። አንደኛው ፍሬን በተረገጠ ቁጥር አስቀድሞ የተሞላለትን ኃይል በሰዓት ቆጥሮ የሚለቅ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየትኛውም አቅጣጫ ይሰቀላል፣ ነገር ግን በቀስታ መያዝንና በድንጋጤ መርገጥን አይለይም። ሁለተኛው መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ በውስጡ ባለ ሴንሰር እየለካ በዚያው ልክ የሚልክ ነው። ቴኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ3 እና ሬድአርክ ቶው ፕሮ ኤሊት ከዚህ ወገን ናቸው። በከተማ ውስጥ ቆም ሄድ ለሚል፣ ወይም ሙሉና ባዶ እየሆነ ለሚመላለስ ተሳቢ ሁለተኛው ብቻ ነው የሚመከረው፤ የዋጋው ልዩነት በአንድ ጥንድ ጎማ ይካካሳል፤ ኃይል የበዛበት ተሳቢ ጎማውን አስፋልት ላይ እየፋቀ ይጨርሳልና። ሽቦ መዘርጋት ለማይፈልግ ደግሞ እንደ ከርት ኤኮ ያለ፣ ኋላ ባለው ባለ 7 ፒን ሶኬት ላይ ተሰክቶ በስልክ የሚታዘዝ አለ። ያ ግን ሶኬቱ አስቀድሞ ሙሉ ሽቦ ያለው መሆኑን ይጠይቃል።

አራቱ ሽቦዎች

ጥቁሩ ከባትሪ ፖዘቲቭ ይመጣል፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው፣ ቀዩ ፍሬን መረገጡን የሚናገር ምልክት ነው፣ ሰማያዊው ወደ ተሳቢው ይሄዳል። ጥቁሩንና ነጩን ማቀያየር መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከፋብሪካ የመጎተቻ ዝግጅት ይዞ የመጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች የተዘጋጀ መሰኪያ አለው። በዓመተ ምርቱ ልክ የተሠራ አገናኝ ኬብል ተገዝቶ አንዱ ጫፍ እዚያ፣ ሌላው ሳጥኑ ላይ ሲሰካ ሥራው በግማሽ ሰዓት ያልቃል። መሣሪያ ከማንሳት በፊት ይህን መሰኪያ በባትሪ መብራት መፈለግ ያዋጣል፤ ሳያየው ቀርቶ ሙሉ ቀን ሽቦ ሲዘረጋ የሚውል ሰው ጥቂት አይደለም። መሰኪያ ከሌለና ኋላ ያለው ባለ 4 ፒን የመብራት ሶኬት ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ውስጥ ኔጌቲቭ፣ የኋላ መብራት፣ የግራና የቀኝ ፍሬቻ እንጂ የፍሬን ሽቦ የለም። ከባትሪ እስከ ኋላ መከላከያ ድረስ አዲስ መስመር መዘርጋት ግድ ነው፤ ለጀማሪ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል።

ለዚህ የሚያስፈልጉት 10 ጌጅ ሽቦ 8 ሜትር ያህል (መኪናው 5 ሜትር ቢሆንም መስመሩ ይጠማዘዛል)፣ ራሱ የሚመለስ ብሬከር፣ ባለ 7 ፒን ሶኬት ከማሰሪያ ብረቱ ጋር፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ላስቲክ ያላቸው የሽቦ ማያያዣዎች፣ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ የሽቦ ቱቦና የፕላስቲክ ማሰሪያ ናቸው። ብሬከሩ ለሁለትና ለአራት ፍሬን 20 አምፔር፣ ለስድስትና ለስምንት 30 አምፔር ነው። የአሜሪካ የሽቦ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ልብ ይሏል፤ ከ10 ይልቅ 16 ጌጅ የገዛ ቀጭኑን ነው የገዛው። ከመሣሪያ ቴስተር፣ የሽቦ መቆንጠጫ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ትራፓኖ ይበቃሉ።

አገጣጠም

መጀመሪያ የሚሠራው ባትሪው ሳይፈታ ነው፤ የቀዩን ሽቦ ቦታ ማግኘት። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ባለው ስዊች ላይ፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ 0፣ ሲረገጥ 12 ቮልት የሚያሳየውን ሽቦ በቴስተር መለየት ያስፈልጋል። ሁልጊዜ 12 ቮልት ያለበት ጎን አይደለም የሚፈለገው። ከዚያ ፔዳሉን ሳይነኩ አራቱንም ፍሬቻ ማብራት፣ ቀጥሎ የፊት መብራቱን ማብራት፤ በሁለቱም ጊዜ ንባቡ 0 ሆኖ መቅረት አለበት። ይህን ፈተና የዘለለ ሰው ፍሬቻ ባሳየ ቁጥር ተሳቢው እየያዘ የሚለቅ ይሆንበታል። አዳዲስ መኪኖች ላይ በፔዳሉ ስዊች የሚያልፈው ለኮምፒውተሩ የሚሄድ ደካማ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ 12 ቮልት ካልተገኘ የመኪናውን የሽቦ ካርታ ማየት ይሻላል። በቢጫ ቱቦ የተሸፈኑት ሽቦዎች የኤርባግ ናቸው፤ አይነኩም።

ቀጥሎ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ሳጥኑ የሚሰቀለው ሹፌሩ ሳይጎነበስ ቀኝ እጁ በሳጥኑ ላይ ያለውን የእጅ ማንሻ (ፔዳል ሳይረገጥ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ የሚያስይዘውን) በሚደርስበት፣ ጉልበት በማይመታበት ቦታ ነው። የጉልበት ኤርባግ ባለባቸው ኤስዩቪዎች ከመሪው በታች ያለው ፕላስቲክ ክዳን ላይ ምንም አይበሳም፤ ወደ መሃል ኮንሶሉ መጠጋት ይሻላል። ሴንሰር ያለው መቆጣጠሪያ ከመኪናው ጉዞ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያጋድል፣ ሳይነቃነቅ መታሰር አለበት። በባለ ሁለት ገጽ ናስትሮ የተለጠፈ ሳጥን በበጋ ሙቀት ይወርዳል፤ ሳይወርድም ሲንቀጠቀጥ የተሳሳተ ልኬት ይሰጣል።

ጥቁሩ፣ ነጩና ሰማያዊው ሽቦ በሞተሩና በካቢኑ መካከል ያለውን የብረት ግድግዳ ማለፍ አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ የኮፈን መክፈቻው ገመድ ወይም ዋናው የሽቦ ጥቅል የሚያልፍበት የጎማ መድፈኛ አለ። እሱን በትንሹ ቀዶ የተቃና የልብስ መስቀያ ሽቦ በመስደድ፣ አዲሶቹን ከጫፉ ጋር በናስትሮ አስሮ መሳብ ይቻላል። አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ የጎማ ቀለበት ይገባበታል፣ በሲሊኮንም ይደፈናል፤ ባዶ ብረት ጠርዝ የሽቦውን ልባስ ከጊዜ በኋላ ይበላዋል።

ጥቁሩ ሽቦ ላይ ብሬከሩ የሚገባው ከባትሪው አጠገብ ነው። ካቢኑ ውስጥ ከተደረገ ከባትሪ እስከ ብሬከሩ ያለው ሽቦ ያለ ጥበቃ ይቀራል። በብዙዎቹ ብሬከሮች ላይ የመዳብ መልክ ያለው ብሎን የባትሪው ጎን ነው። ነጩ ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይሄዳል እንጂ ክሩስኮት ስር ባገኙት ብሎን አይታሰርም፤ ኔጌቲቩ ጫፍ ላይ የባትሪ ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ ግን የባትሪው ገመድ ከቦዲ ጋር በሚገናኝበት ብሎን ላይ ይታሰራል።

ሰማያዊው በቱቦ ተሸፍኖ ከመኪናው ስር በሻንሲው ላይ ይሄዳል፤ በየ45 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰራል። የሚመረጠው ከጭስ ማውጫው በተቃራኒ ያለው ጎን ነው፤ ከሚሽከረከር አክስልና ከሚንቀሳቀስ ሞላም ይርቃል። ኋላ ላይ ከሶኬቱ ጀርባ ሲገናኝ በቀለም ብቻ መተማመን አይገባም፤ የአምራቾች የቀለም አመዳደብ አንድ ስላልሆነ ሶኬቱ ላይ የተጻፈውን የፒን ስም ማየት ይሻላል። የሶኬቱ ኔጌቲቭ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ ይታሰራል። ለ10 ጌጅ የሚሆኑት ማያያዣዎች ቢጫዎቹ ናቸው፤ ሰማያዊዎቹ ለ16 እና 14 ጌጅ ስለሆኑ ሽቦው የገባ ቢመስልም አይጨብጡትም። ሽቦ ሳይቆረጥ ቆንጥጠው የሚይዙት ርካሽ ማያያዣዎች ከመኪና ስር፣ ጨው በሚረጭበት የክረምት መንገድ፣ ሁለት ዓመት አይቆዩም።

ማስተካከል

የኃይሉ መጠን ለእያንዳንዱ ተሳቢና ለእያንዳንዱ ጭነት ይለያያል። ደረቅና ለጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ፍሬኑ ጥቂት ከሞቀ በኋላ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር (25 ማይል) እየሄዱ የመኪናውን ፍሬን ሳይረግጡ የእጅ ማንሻውን እስከ መጨረሻ መግፋት ነው። የተሳቢው ጎማ ከቆለፈ ኃይሉ ይቀነሳል፤ ዘና ብሎ ከቀጠለ ይጨመራል። ትክክለኛው ቦታ ከመቆለፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። አዲስ ሸራ የተገጠመለት ተሳቢ መጀመሪያ መሟሸት ይፈልጋል፦ በተሳቢው ፍሬን ብቻ ከ40 ወደ 20 ማይል ከ20 እስከ 30 ጊዜ መቀነስ፣ በየመሃሉ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ እየሰጡ። ይህ ሳይደረግ የተስተካከለ ኃይል ከሳምንት በኋላ የበዛ ሆኖ ይገኛል።

ብልሽት

ገጣሚዎች በብዛት የሚደናገሩበት ነገር ብልሽት እንኳ አይደለም። ሴንሰር ያለው መቆጣጠሪያ መኪናው ቆሞ ፔዳል ሲረገጥ ጥቂት ቮልት ብቻ ነው የሚልከው፤ የሚለካው የመቀነስ ፍጥነት ስለሌለ ነው። ቆሞ መፈተን የሚቻለው በእጅ ማንሻው ነው።

እውነተኛው ጥርጣሬ ሲመጣ ከሰማያዊው ሽቦ ጋር አምፔር መለኪያ በተከታታይ ተሰክቶ ማንሻው እስከ መጨረሻ ይገፋል። ለአራት ፍሬን 12 አምፔር መሆን ሲገባው 9 ካሳየ አንድ ማግኔት ሥራ አቁሟል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። 6 ካሳየ አንድ ሙሉ አክስል ጠፍቷል። ሁሉም በትንሽ በትንሹ ከቀነሱ ጥፋቱ የዛገ ሶኬት ወይም ደካማ ኔጌቲቭ ነው። ከሚገባው በላይ ካሳየ አንድ ቦታ ላይ ብረት ነክቷል። የዚህ የተለመደው ቦታ በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሽቦ ነው፤ በንቅናቄ ልባሱ ተልጦ ከውስጥ ብረቱን ይነካል። ያንን ከውጭ ማየት ስለማይቻል ሽቦውን ከሁለቱም ጫፍ ፈትቶ አዲስ ከቱቦው ውጭ መዘርጋት ከመጠገን ይፈጥናል።

ሳጥኑ ራሱ የሚበላሸው አልፎ አልፎ ነው፤ ቀይሮት ችግሩ ሳይለቀው የቀረ ሰው ብዙ ነው። አንዱ የሳጥን ገዳይ ግን ተሳቢው ከመኪናው ጋር ተሰክቶ ሳለ የሚደረግ የድንገተኛ ስዊች ፈተና ነው። ይህ ስዊች ተሳቢው ከጋንቾው ቢላቀቅ ፒኑ ተመዝዞ ከተሳቢው የራሱ 12 ቮልት ባትሪ ፍሬኑን የሚያስይዝ ነው። ፒኑ ሲነቀል የባትሪው ሙሉ ኃይል በሰማያዊው ሽቦ ወደ ኋላ ተመልሶ መቆጣጠሪያው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ባለ 7 ፒኑ ሶኬት ይነቀላል፣ ከዚያ ፒኑ ይመዘዛል፣ ተሳቢውን ወደፊት ለመጎተት ሲሞከር ጎማዎቹ መያዛቸው ይታያል፣ ፒኑም ወዲያው ይመለሳል፤ ረጅም ጊዜ ከቆየ ባትሪውን ይጨርሰዋል።