ከ17 ዓመት በኋላ የመጣ ልመና

ምሳሌ 18፥19 የተበደለን ወንድም ልብ መመለስ የተመሸገ ከተማ ከመያዝ እንደሚከብድ ይነግረናል። ጠቢቡ ጠላት አላለም፤ ወንድም ነው ያለው። ባዳ ቢበድልህ ትናደዳለህ፣ ከዚያ ይበርድልሃል። ወንድም የበደለው ልብ ግን ከውስጥ ይቀረቀራል። ከውጭ የቱንም ያህል ብታንኳኳ የሚከፍተው እሱ ራሱ ነው።

ይህን ሳስብ ሁሌ ወደ ዮሴፍ እመለሳለሁ። ወንድሞቹ በ20 ብር ሲሸጡት ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ስንሰብክ ቶሎ ብለን ወደ ዘፍጥረት 45 እንሮጣለን፤ «እኔ ዮሴፍ ነኝ» ብሎ አቅፎ ወደ ሳማቸው። ከዚያ በፊት ግን ምዕራፍ 42 አለ። ወንድሞቹ በረሃብ ዘመን እህል ሊገዙ፣ እሱ ገዥ ወደሆነባት ግብፅ መጡ። ገና ሲያያቸው አወቃቸው፤ ራሱን ግን አልገለጠም። ክፉ ቃል ተናገራቸው፣ ሦስት ቀን አሰራቸው፣ ስምዖንን አስቀረው። በቀል ይመስላል አይደል? ነገር ግን ዞር ብሎ ያለቀሰውም እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። ስልቻቸውን እህል አስሞልቶ፣ ብራቸውንም መልሶ ሸኛቸው። ልቡ ራርቷል፤ በሩን ግን ገና አልከፈተም። ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬም ወንድማቸውን አሳልፈው ይሰጡ ይሆን?

መልሱ ከወንድሞቹ ከአንዱ፣ ከይሁዳ መጣ። ያኔ «እንሽጠው» ያለው ያው ይሁዳ፣ አሁን ዮሴፍ ባሪያ አድርጎ ሊያስቀረው ባለው በትንሹ ወንድማቸው በብንያም ፋንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር አለ። ዮሴፍ ከዚህ በኋላ እንባውን መያዝ አቃተው።

ስለዚህ የበደላችሁን ሰው ይቅር ብላችሁ፣ መልሶ ማመኑ ግን ቢያቅታችሁ፣ «ይቅርታችሁ ውሸት ነው» የሚላችሁን አትስሙ። (ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚለው ራሱ በዳዩ ነው።)

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። አባታቸው ያዕቆብም ወደ ግብፅ መጥቶ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። ያን ሁሉ ዓመት ዮሴፍ ቤተሰቡን ሲመግብ ነበር። አባታቸው እንደተቀበረ ወንድሞቹ ፍርሃት ያዛቸው። አሁን ይበቀለናል ብለው፣ በሟች አባታቸው ስም የይቅርታ ልመና ላኩበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን፤ እዚህ ቤት ያልረሱት የወጉት ናቸው። ይቅርታውን ሰምተዋል፣ እንጀራውን በልተዋል፣ ልጆቻቸውን አሳድገውበታል። አላመኑትም።

ልመናው ሲደርሰው ዮሴፍ አለቀሰ። ስንት ጊዜ ልንገራችሁ አላለም። ያኔ የነገራቸውን እንደ አዲስ ነገራቸው፦ አትፍሩ፣ እናንተንም ልጆቻችሁንም እመግባለሁ።