የቅርጫት ኳስ ዳኞች ክፍያ፡ ከሐዋሳ ሜዳዎች እስከ ኤን ቢ ኤ

በሐዋሳ የቅርጫት ኳስ የሚዳኝ ሰው እንጀራውን የሚያገኘው ከሌላ ሥራ ነው። በሥራ ቀናት ትምህርት ቤት ውስጥ ስፖርት ሲያስተምር ወይም መሥሪያ ቤት ሲሠራ ይሰነብትና፣ ቅዳሜና እሑድ የዳኛ ማሊያውን ለብሶ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳ ይገባል። ክፍያው የሚታሰበው በዳኘው ጨዋታ ልክ ነው፤ ከከተማ ወጥቶ ከዳኘ የውሎ አበልና የመጓጓዣ ወጪ ይታከልበታል። ውድድር በሌለበት ወር ክፍያ የለም። «የቅርጫት ኳስ ዳኛ ስንት ያገኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንግዲህ ከገንዘቡ መጠን አስቀድሞ የክፍያውን ዓይነት ማወቅ አለበት፤ በወር ደመወዝ የሚኖር ዳኛና በጨዋታ የሚከፈለው ዳኛ የሚኖሩት ፍጹም የተለያየ ሕይወት ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ ነው። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ አንድ ጨዋታ እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ በሆኑ አራት ክፍለ ጊዜያት የሚካሄድ ሲሆን፣ ሜዳ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዳኞች ይቆማሉ። ነጥብ የሚመዘግቡት፣ ሰዓት የሚይዙትና የ24 ሰከንዱን የማጥቂያ ጊዜ የሚቆጣጠሩት ደግሞ የጠረጴዛ ዳኞች ናቸው። ዳኛው ከተጫዋቾቹ እኩል ከቅርጫት ቅርጫት ይመላለሳል፤ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥም የእጅ ንክኪውን፣ የእግር እርምጃውን፣ የመስመሩን ጫፍ አይቶ መወሰን አለበት። ፊባ ለዳኞቹ ባወጣው የታወቀ የአካል ብቃት ፈተና ወንዶች የ20 ሜትር ርቀትን 86 ጊዜ፣ ሴቶች 66 ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ይሮጣሉ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ይከብዳል። በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ጉልበት ነው። ቅዳሜ ጉልበቱን የተጎዳ ዳኛ ሰኞ ተማሪዎቹ ፊት መቆም ስላለበት፣ ከጨዋታው ያገኘውን ገንዘብ ለሕክምና ሊያወጣው ይችላል። የዳኝነት ክፍያ ሲተመን ይህ ወጪ አብሮ ሊታሰብ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በሌላው ጫፍ የአሜሪካው ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤን ቢ ኤ አለ። እዚያ ከ70 በላይ ዳኞች የሊጉ ቋሚ ሠራተኞች ናቸው። ሠላሳዎቹ ቡድኖች በመደበኛው የውድድር ዘመን እያንዳንዳቸው 82 ጨዋታ ስለሚያደርጉ በድምሩ 1,230 ጨዋታ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ዳኛ ይመደባል። ለዳኞቹ ሲከፋፈል አንዱ በአማካይ 50 ገደማ ጨዋታ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረገው በረራ ሳይቆጠር። ሊጉ የዳኞቹን የደመወዝ ሰንጠረዥ ለሕዝብ ይፋ አያደርግም። በስፖርት ዘገባዎች በብዛት የሚጠቀሱት ግምቶች ለጀማሪዎች በዓመት ከ150,000 እስከ 250,000 ዶላር፣ ለአንጋፋዎቹ ደግሞ እስከ 550,000 ዶላር ይደርሳሉ። ወደ ጥሎ ማለፉ የሚያልፉት በሥራቸው ተመዝነው ሲሆን፣ ለፍጻሜው የሚመረጡት 12 ብቻ ናቸው፤ መመረጡም ተጨማሪ ገንዘብ ያስገኛል።

ከግምት ውጭ የታወቀ አንድ አኃዝ አለ፤ የታወቀው ግን በክፉ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቲም ዶናሂ የተባለው የሊጉ ዳኛ ራሱ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ በመወራረድና ለቁማርተኞች መረጃ በመስጠት ተከሰሰ። የሊጉ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ዴቪድ ስተርን በሰጡት መግለጫ የግለሰቡ የዓመት ደመወዝ 260,000 ዶላር እንደነበር ተናገሩ። እርሱም ጥፋቱን አምኖ በ2008 የ15 ወር እስራት ተፈረደበት። ይህ ታሪክ ዳኛን ጠቀም አድርጎ መክፈል ብቻውን ከፈተና እንደማያድነው ያሳያል። በእኔ ግምት ግን ዝቅተኛ ክፍያ አደጋውን ያባብሰዋል፤ የወር ወጪውን መሸፈን የተሳነው ዳኛ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግምና።

የኤን ቢ ኤ ዳኞች እዚህ ደረጃ የደረሱት በሊጉ ቸርነት አይደለም። የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ከሊጉ ጋር የሚደራደሩትም በእርሱ በኩል ነው። በ1995 ድርድሩ ሳይሳካ ቀርቶ የውድድር ዘመኑ በተተኪ ዳኞች ተጀመረ። በ2009ም ጡረታን ጨምሮ በጥቅማ ጥቅም ጉዳይ አለመግባባት ተፈጥሮ የዝግጅት ጨዋታዎቹን የመሩት ተተኪዎች ነበሩ፤ ስምምነት የተደረሰው ሊጉ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሴቶች በዚህ ሊግ መዳኘት የጀመሩት በ1997 ቫዮሌት ፓልመርና ዲ ካንትነር ሲቀጠሩ ነው።

ከዚህ ከፍታ ዝቅ ሲባል አሜሪካም ሐዋሳን ትመስላለች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታ የሚዳኝ ሰው እንደየግዛቱ በጨዋታ ከ50 እስከ 100 ዶላር ገደማ ይከፈለዋል፤ እርሱም ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የአንድ ጨዋታ ክፍያ በሺህ ዶላር ይቆጠራል፤ ዳኛው ግን እዚያም የሚከፈለው በጨዋታ ነው።

ኢትዮጵያ የፊባ አባል የሆነችው በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዕድሜው ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ዳኝነቱ ዛሬም የፍቅር ሥራ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ሰው አልጠፋምና። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ሕጉን አጥንተው፣ ሩጫውን ሮጠው ለዳኝነት ሊበቁ የሚችሉ ወጣቶች ከዚያ ይወጣሉ። ከአገር ውስጥ ውድድር ተሻግሮ የፊባን የዳኝነት ፈቃድ ማግኘት የሚፈልግ በብሔራዊ ፌዴሬሽኑ መታጨት፣ የአካል ብቃት ፈተናውን ማለፍና ሕጉን በእንግሊዝኛ መፈተን ይኖርበታል። ይህ ፈቃድ በአህጉሩ መድረክ ለመዳኘት መንገድ ይከፍታል፤ ፊባና ኤን ቢ ኤ በጋራ ያቋቋሙት የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግም በ2021 በኪጋሊ በ12 ክለቦች ተጀምሯል። በዓለም አቀፍ ውድድር ለሚመደብ ዳኛ ጉዞው፣ ማረፊያውና አበሉ ይሸፈንለታል። ውድድሩ ሲያልቅ ግን ወደ ሐዋሳ ተመልሶ፣ የትምህርት ዕቅዱን አዘጋጅቶ ሰኞ ጠዋት ክፍል ይገባል።